ለጓሮ ዶሮዎች የውሃ ማጠጫ ዕቃ አመራረጥና አያያዝ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በድርቅ ወይም በግጭት ከቀዬው ተፈናቅሎ በአዲስ ሥፍራ ለሚሠፍር ቤተሰብ ከሚሰጡት የመቋቋሚያ ድጋፎች መካከል ዶሮ በዋጋ አነስተኛዋ፣ በፍሬ ግን ፈጣኗ ናት። በሬ የሚያርሰው መሬት፣ ላምም የግጦሽ ሥፍራ ያስፈልጋቸዋል፤ አምስት ወይም አሥር ቄብ ዶሮዎች ግን ከቤቱ ጓሮ ሳይርቁ በጥቂት ወራት ውስጥ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ከዚህም የተነሣ ለተፈናቃዮችና ለድርቅ ተጎጂዎች ዶሮ ማደል የተለመደ ተግባር ሆኗል። ይሁንና በእደላው ዕቅድ ላይ የዶሮው ቁጥር፣ የመኖው ኩንታልና የክትባቱ መጠን በዝርዝር ሲሰፍር የውሃ ማጠጫው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። ተረጂው ከቤቱ ያገኘውን ሰባራ ሳህን ወይም የተቆረጠ ጀሪካን እንዲጠቀም ይተዋል ማለት ነው።

ጉዳዩ አነስተኛ መስሎ ቢታይም በአዳማና በአካባቢው ካለው ሁኔታ ጋር ሲገናዘብ ክብደቱ ይታወቃል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትገኝም ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መተሐራ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። በ2010 ዓ.ም. ከሱማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖች በአዳማና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች እንዲሠፍሩ ተደርጓል። በየትኛውም አዲስ መንደር ዛፍ እስኪያድግና የቧንቧ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ ጥላም ውሃም ብርቅ ነው። ዶሮዋ የምትታደለው እንግዲህ ጥላና ውሃ በሌሉበት በዚያው ወቅት ነው።

ዶሮ ላብ አታልብም። ሙቀት ሲበረታባት በዋናነት አፏን ከፍታ በማለክለክ ሰውነቷን ታቀዘቅዛለች፤ በእያንዳንዱም ትንፋሽ ውሃ ይወጣታል። የእንቁላል ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ በመሆኑ ጥማት በመጀመሪያ የሚታየው በእንቁላል ቅርጫቱ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ያጣች ጣይ ዶሮ ምርቷ ለብዙ ቀናት ያሽቆለቁላል፤ ላባዋንም አራግፋ ከእነጭራሹ መጣል ልታቆም ትችላለች። ባለቤቲቱ ግን ይህን የምታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ ምክንያቱ መኖው ወይም በሽታ ይመስላታል።

ደርሳ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በመጠነኛ የአየር ጠባይ በቀን 250 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ በሐሩር ወቅት መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለአሥር ዶሮዎች በቀን ከ2.5 እስከ 5 ሊትር ውሃ መመደብ ይኖርበታል። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይድረስ የሚለው «ስፌር» በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሲታሰብ፣ አሥር ዶሮዎች በሐሩር ጊዜ የአንድን ሰው ድርሻ ሲሶ ይወስዳሉ። ይህ የሚጠጡት ብቻ ነው። ዶሮዎቹ በእግራቸው ጭረው የሚደፉት፣ በኩስ ተበክሎ የሚጣለውና ፀሐይ አትንኖ የሚወስደው ሲጨመር ፍጆታው በቀላሉ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የምታመጣ ሴት ከምታመጣው ውስጥ ምን ያህሉ ከዶሮዋ ጉሮሮ እንደሚደርስ የሚወስነው ማጠጫው ዕቃ ነው። ዕቃውም መመዘን ያለበት ከሁሉ አስቀድሞ በማያባክነው ውሃ ነው።

ዕቃዎቹና ጠባያቸው

በየቤቱ በብዛት የሚታየው ገላጣ ሳህን ነው። ርካሽ ነው፤ ለማጠብም ይቀላል። ነገር ግን ዶሮዎች በላዩ ይቆማሉ፣ ይገለብጡታል፣ አፈርና ኩስ ይጥሉበታል። በገላጣ ሳህን መጠቀም ግድ ከሆነ በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ከፍ ተደርጎ ጠርዙ ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆን ማድረግ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ዶሮዋ አንገቷን ዘርግታ ትጠጣለች እንጂ እግሯን ልታስገባ አትችልም። መሐሉ ላይ ንጹሕ ድንጋይ ቢቀመጥ ሳህኑ አይገለበጥም። ለጫጩቶች ግን ይህ ሁሉ አይበጅም፤ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ወድቀው ይሰጥማሉ፤ ከመስጠም ያመለጠችውም ርሳ ሌሊቱን በብርድ ልትሞት ትችላለች። ለእነርሱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ያለውና ጠጠር የተነጠፈበት ዝርግ ክዳን ይበቃል።

የሸክላ ጣባ በዚህ አካባቢ ከሚገመተው በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። በሸክላው ቀዳዳዎች የሚሰርገው ጥቂት ውሃ በደረቁ የስምጥ ሸለቆ አየር ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። በቀን ፀሐይ የጋለ ውሃን ዶሮ አትወድም፤ ውሃው ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የምትጠጣው መጠን ይቀንሳል፤ ይህም የሚሆነው ይበልጥ በተጠማችበት ሰዓት መሆኑ ነው ጉዳቱን የሚያብሰው። ሸክላ ክብደት ስላለው በቀላሉ አይገለበጥም፤ ከገበያ ከሸክላ ሠሪዎች ስለሚገዛም የእደላው ገንዘብ እዚያው በአካባቢው ይቀራል። ጉድለቱ መሰበሩና በቀዳዳዎቹ ውስጥ እድፍ መያዙ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤት ሁለት ጣባ ሰጥቶ አንዱ ሲያገለግል ሌላው ታጥቦ በፀሐይ እንዲደርቅ ማድረግ ከማናቸውም ውድ ዕቃ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ውሃን በመቆጠብ ረገድ ግን ተገልባጭ ማጠጫን የሚያህል የለም። ይህንን በፋብሪካ የተሠራውን መግዛት ይቻላል፤ በተለምዶ «ሃይላንድ» ከሚባለው የላስቲክ ጠርሙስ ወይም ከባለ 5 ሊትር ንጹሕ የዘይት ጀሪካን በቤት መሥራትም አያስቸግርም። ከዕቃው አፍ አጠገብ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ ዕቃው በውሃ ተሞልቶ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ሰፊ ሳህን ላይ ይገለበጣል። ውሃው ወደ ሳህኑ ፈስሶ ቀዳዳውን ሲሸፍን አየር መግባቱ ስለሚቋረጥ መፍሰሱ ይቆማል፤ ዶሮዎቹ ጠጥተው ቀዳዳው ሲገለጥ ደግሞ እንደገና ይፈስሳል። በዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። የሳህኑ ጠርዝ ከቀዳዳው ከፍ ያለ ካልሆነ ውሃው ሁሉ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ከላይ በኩል ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ካለ እንዲሁ። ሁለተኛው፣ ዕቃው ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው አየር እየሞቀ ይለጠጥና ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ግማሹ የጎደለ ትልቅ ጀሪካን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ሲያፈስስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ጥላ ነው።

የቆርቆሮ ጣሳና የብረት ገንዳ በፀሐይ ቶሎ ይግላሉ፣ ይዝጋሉም። በቢሾፍቱና በአዳማ ዙሪያ ባሉ የዶሮ እርባታ ድርጅቶች የሚሠራበት የጠብታ ማጠጫ ደግሞ የተጣራ ውሃና የማይቋረጥ ግፊት ስለሚጠይቅ ደለል ባለበት ውሃ ይደፈናል። ለጓሮ ርቢ ማደል ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ መከልከል ያለበት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የጸረ ተባይ ወይም የጸረ አረም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ነው። በመቂ፣ በባቱና በቆቃ ዙሪያ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የአበባ እርሻ በመስኖ ስለሚካሄድ ባዶ የኬሚካል ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ኬሚካሉ በላስቲኩ ገላ ውስጥ ስለሚሰርግ በሳሙናም ሆነ በአመድ ቢታጠብ አይለቅም። እንደ ዲዲቲ ያሉ በስብ የሚሟሙ መርዞች ወደ እንቁላሉ አስኳል ይሻገራሉ፤ ያንን እንቁላል የሚበላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሕፃን ነው። የእደላ ሠራተኛ ማንኛውንም ያገለገለ ጀሪካን ለዶሮ ከመፍቀዱ በፊት ምን እንደነበረበት መጠየቅ፣ መልስ ካላገኘም መከልከል አለበት።

ስለ ውሃው ዓይነት

የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ በፍሎራይድ የታወቀ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠፈሮች የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው በልዟል፤ የአጥንትና የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸውም ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይከማቻል። ለዶሮ እርባታ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት ተቃራኒ ነው። ዶሮ ከከብት በእጅጉ የበለጠ ፍሎራይድን ትቋቋማለች። በከሰለ አጥንት ማጣሪያ የወጣ ውሃ በሚገኝበት መንደር እርሱ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይጠበቅ፤ ዶሮዎቹ የጉድጓዱን ውሃ ቢጠጡ አይጎዱም። የሁለቱ ውሃ ማስቀመጫ ግን ተለይቶ ምልክት ይደረግበት።

ጨው ሌላ ጉዳይ ነው። በመተሐራ አቅራቢያ ለአሥርተ ዓመታት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ለዶሮም አይሆንም፤ የጠጣችው ዶሮ ጥማቷ ይብሳል፣ ኩሷም ይቀጥናል፤ ጫጩቶች ደግሞ ከትልልቆቹ ይልቅ ፈጥነው ይጎዳሉ። በቆቃ ሐይቅ ዳርቻም በአንዳንድ ወቅት በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ አልጌ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ከዚያ ቀድቶ ማጠጣት መቅረት ይኖርበታል።

ዕቃውን በየቀኑ ጠዋት ደፍቶ፣ በውስጡ የሚያዘውን ልሙጭ ነገር በጨርቅ ወይም በቃጫ ፈግፍጎ ማጠብ ግዴታ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተበጥብጦ ዕቃው ከተዘፈዘፈበት በኋላ ደኅና አድርጎ አለቅልቆ በፀሐይ ማድረቅ ይበቃል። የተደፋው ውሃ ለጓሮ አትክልት ይሆናል። በየቀኑ መድፋት ሌላም ጥቅም አለው፤ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ውስጥ የምትፈለፈለው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ከታየች ወዲህ በአዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝታለች። የትንኟ እጭ ለመብረር ቀናት ስለሚፈልግ በየማለዳው በሚደፋ ዕቃ ውስጥ አታድግም።

ክትባት በውሃ ሲሰጥ

ለጓሮ ዶሮ ከፍተኛው አደጋ ፈንግል ነው። በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሚመረቱት የፈንግል ክትባቶች መካከል ሙቀትን የሚቋቋመው አይ-ቱ በዓይን ጠብታ መስጠት ይመረጣል፤ ዶሮዎቹ ብዙ ሲሆኑና የሚይዛቸው ሰው ሲጠፋ ግን በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱ በማጠጫው ዕቃ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ በመሆኑ የሳሙናና የበረኪና ቅሪት ይገድለዋል፤ ብረትም ይጎዳዋል። ስለዚህ ዕቃው ላስቲክ ወይም ሸክላ ይሁን፤ በዚያ ሳምንት በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠብ።

አዳማ ከተማ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚደርሳት የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የታከመ ስለሆነ ለክትባት በቀጥታ አይውልም። አፉ በተከፈተ ዕቃ አድሮ ክሎሪኑ ሲተን ወይም በአንድ ሊትር ውሃ 2.5 ግራም፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ሲጨመርበት ለአገልግሎት ይበቃል። ማታ ማጠጫዎቹ ይነሣሉ፤ ዶሮዎቹ ተጠምተው እንዲያድሩ ይደረጋል። ክትባቱ የተበጠበጠበት ውሃ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በጥላ ሥር ይቀርባል፤ መጠኑም በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ የሚያልቅ መሆን አለበት። አንድ ትልቅ ገንዳ ከሚቀርብ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ጣባዎች ተራርቀው ቢቀመጡ ደካሞቹ ዶሮዎች በጉልበተኞቹ ሳይገፉ ይደርሳቸዋል። ክትባቱ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል።

ማጠጫዎቹ ከዶሮዎቹ ጋር በአንድ ቀን ሳይሆን ከአንድ ሳምንት በፊት ቢታደሉ የተሻለ ነው። በእነዚያ ቀናት የልማት ሠራተኛው በየቤቱ እየዞረ ዕቃው የሚቆምበትን ጥላ ያያል፤ ተገልባጩ ማጠጫ ሳያፈስስ ማደሩን ይፈትሻል፤ ጥላ የሌለው ቤት በሣርና በእንጨት ትንሽ ዳስ እንዲሠራ ያደርጋል። በእደላው መዝገብ ላይ ከዶሮው ቁጥር ቀጥሎ የዕቃው ዓይነትና ብዛት ይሞላ፤ ከሦስት ወር በኋላ ለሁለተኛው ክትባት በሚሄድበት ጊዜ ስንቱ እንደተሰበረና በምን እንደተተካ በዚያው ዓምድ ይጻፍ።