አራት ሴል፣ አምስት ሽቦ

ባለፈው ሴሚስተር ለፕሮጀክታችን በሠራነው ባለ 4 ሴል ባትሪ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን አቀያይሬ ሰክቼ አንድ ቺፕ አቃጥያለሁ። ጭሱ ትንሽ ነበር፤ ሽታው ግን ቀኑን ሙሉ ከላቦራቶሪው አልወጣም። ሊቲየም ባትሪ የሚነካካ ሰው ከዚህ የባሰም ሊገጥመው ስለሚችል፣ በኪሳራ የተማርኩትን በነፃ ላካፍላችሁ። አገር ቤት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የባትሪ ነገር የእኛም ጉዳይ ሆኗል።

ቺፑ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ 4ቱ በተከታታይ ሲያያዙ 16.8 ቮልት ይሆናሉ። እንግዲህ ጫፍና ጫፉን በቴስተር ለክታችሁ 16.0 ቮልት አገኛችሁ እንበል። ሁሉም 4.0 ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱ 4.3፣ አንዱ 3.1 ቢሆኑም ግን ድምሩ ያው 16.0 ነው! ቻርጀሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ ገና አልሞላም ብሎ ይቀጥላል፤ ከልክ በላይ የተሞሉት ሦስቱ ደግሞ መጋል፣ ሲብስም መቀጣጠል ይመጣባቸዋል።

እኛ የተጠቀምነው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ቢኪው76920 ነው። ከ3 እስከ 5 ሴል ይከታተላል፤ መግቢያዎቹ ከቪሲ0 እስከ ቪሲ5 ናቸው። ለ4 ሴል 5 ሽቦ ይበቃል፦ አንዱ ከታችኛው ሴል ኔጌቲቭ፣ ቀሪዎቹ ከየሴሉ ፖዘቲቭ። የተረፈው መግቢያ ክፍት አይተውም። የላይኛው ሴል ፖዘቲቭ ቪሲ5 ላይ ይገባና ቪሲ4 ከቪሲ3 ጋር ይያያዛል። ከላይ ያለውን መግቢያ ባዶ መተው የሚቀል ይመስላል፤ ሰነዱ ግን እንዲህ አይልም።

በየሽቦው መንገድ ላይ ሬዚስተር፣ በየሁለቱ መግቢያ መካከል ካፓሲተር ይገባል። ሬዚስተሩ ሌላም ሥራ አለው፤ ቺፑ ሴሎቹን ለማመጣጠን ከአንዱ ሴል ኃይል ሲያፈስ ጅረቱ በሁለት ሬዚስተሮች ያልፋል። 100 ኦም ካደረጋችኋቸው 4.2 ሲካፈል ለ200፣ ቢበዛ 21 ሚሊአምፔር ነው። የ100 ሚሊአምፔር ሰዓት ልዩነት ለማስተካከል 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ታገሡ።

የቪሲ0 ሽቦ ደግሞ በቀጥታ ከሴሉ ጫፍ ይነሣ እንጂ ከወፍራሙ የኃይል ሽቦ ማዶ አይሁን። ያ ወፍራም ሽቦ 5 ሚሊኦም ቢኖረውና 20 አምፔር ቢያልፍበት 0.1 ቮልት ይጠፋበታል፤ ባትሪው ኃይል ሲሰጥ የመጀመሪያው ሴል በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይነበባል። እናንተም ደኅናውን ሴል ሞተ ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። ሶኬቱን ቦርዱ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከታችኛው ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አድርጋችሁ በቀዩ ሌሎቹን በተራ ለኩ። ሴሎቹ ሙሉ ከሆኑ 4.2፣ 8.4፣ 12.6፣ 16.8 እያለ መውጣት አለበት። የእኔ ቢለካ ኖሮ 8.4፣ 4.2፣ 12.6፣ 16.8 ይል ነበር። ለቺፑ ይህ ማለት የመጀመሪያው ሴል 8.4፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 4.2፣ ሦስተኛው እንደገና 8.4 ነው። መግቢያዎቹ የተገለበጠ ቮልቴጅ አይችሉም። ልኬቱ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ስለነበሩ በዓይኔ ብቻ ቆጠርኳቸው። ቀይቀይ ሽቦ ብቻ ነበር የተረፈን። ደግሞም ስትለኩ ሁለቱ የቴስተር ጫፎች እንዳይነካኩ፤ ባትሪ ማጥፊያ የለውም፣ ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቁ።

ሁሉን በትክክል ሰክታችሁ ቺፑ መልስ ባይሰጥ አትደንግጡ፤ ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገባው እንቅልፍ ውስጥ ነው። ቲኤስ1 በሚባለው እግሩ ላይ የምታያይዟትን ትንሽ መጫኛ ስትነኩ ይነቃል።