ያረጀውን የቤት ኮምፒውተር ስለ ማደስ

ባገራችን ቤተ ሰብ ዘንድ ዕቃ አረጀ ተብሎ ወዲያው አይጣልም። ያለቀው ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ የመኪናው ጐማ በረባሶ ሆኖ ይጫማል፤ የዘይቱ ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል። ኮምፒውተር ግን ከዚህ ዕድል ተለይቶ ቀርቷል። ከአምቦ እስከ ጊንጪ፣ ከጉደር እስከ ጌዶ ባሉት ከተሞች፣ በብዙ ድካም ለልጆች ትምህርት ከተገዛ በኋላ «ዘገየ» ወይም «አልነሣ አለ» ተብሎ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ኮምፒውተር አይታጣም። ስለዚህ ይህን ዕቃ መልሶ ለሥራ ማብቃት እንደሚቻል፣ ይልቁንም ከሥራው አስቀድሞ ምን መጠበቅ እንደሚገባ፣ ለቤተ ሰብ ኃላፊዎች ልናስታውስ አሰብን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታሰብ የሚገባው በውስጡ የተከማቸው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ ጠጋኝ ቤት በተወሰደ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒት «ፎርማት» ነው፤ ይኸውም በሐርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ዕቃው በርግጥ ይፈጥናል፤ የቤቱ ጽሑፍ ግን አብሮ ይሄዳል።

አንዲት የጉደር ወይዘሮ፣ ባለቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላ፣ ሟቹ ለብዙ ዓመት ሲጽፉት የነበረውን የትውልድ ሐረግ ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሳትሙ አሰቡ። ልጃቸው ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጦ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ቢከፍተው፣ ከአባቱ አማርኛ አንድ ቃል እንኳ አልተገኘበትም፤ ገጹ ሁሉ ትርጕም በሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተሞልቶ ታየ። ወይዘሮዋም ጽሑፉ የተበላሸ መስሏቸው እጅግ አዘኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያዎች በተነሡበት ዘመን፣ ባንድ የፊደል ሠንጠረዥ ላይ የነበረው ሥፍራ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ብዙው ለላቲን ፊደልና ለልዩ ልዩ ትእዛዝ ተይዟል። የእኛ ፊደላት ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃቸውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ በብልኀት የላቲኑን ሥፍራ ተውሰው የግዕዝን መልክ አለበሱት። ልብሱ ፎንት የሚባለው ነው፤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቅና በሥሩ ያለው የላቲን ምልክት ይታያል። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 በወጣው በ3.0 እትሙ፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ዳሩ ግን ሰው የለመደውን ቶሎ አይተውምና ብዙዎች ከዚያም በኋላ በቀድሞው ዘዴ ሲጽፉ ቈይተዋል።

ይህ ልዩነት በምዕራብ ሸዋ በግልጥ ይታያል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈው የፍርድ ቤት ደብዳቤ ዛሬ በየትም ቢከፈት ይነበባል። በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ሰው እጅ የተጻፈው የአማርኛ ደብዳቤ ግን አንባቢ ያጣል።

እንደ ዕድል የወይዘሮዋ አሮጌ ኮምፒውተር ገና አልተደመሰሰም ነበር። ልጃቸው «ፎንትስ» ከሚባለው ማኅደር የአማርኛ ፎንቶቹን ቀድቶ በአዲሱ ላይ በጫነ ጊዜ የአባቱ ጽሑፍ ከነምዕራፉ ተመልሶ ታየ። ስለዚህ ማንም ሰው ኮምፒውተሩን ለጠጋኝ ከመስጠቱ በፊት ጽሑፉን፣ ፎቶግራፉንና ፎንቶቹን በሁለት ልዩ ልዩ ዕቃ ላይ ይገልብጥ፤ አንድ ፍላሽ ብቻ አይታመንም። የመዝገብ ቤት ሰዎች ነንና ግልባጭ የሌለው ጽሑፍ እንቅልፍ ይነሣናል። ዋና ዋናውን የአማርኛ ጽሑፍ በዚያው በአሮጌው ላይ ሳለ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. መለወጥ፣ ቢቻልም በወረቀት ማተም ይበጃል። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ዳሩ ግን አንዳንድ ፊደል ይስታሉና ከተመለሰ በኋላ ከዋናው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዕቃው እንመለስ። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ክዳኑን መክፈትና የበጋውን አቧራ በለስላሳ ቡርሽ ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ሲግልም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በተከፈተ ቍጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ሲ.አር. 2032 የምትባለው ሦስት ቮልት ያላት ክብ ባትሪ አልቃለችና ትለወጥ።

ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ግን ዲስኩን መለወጥ ነው። የቀድሞው ሐርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ለማግኘት መርፌው ወዲያና ወዲህ መመላለስ አለበት። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ስለዚህ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ኮምፒውተር ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለዚህ ይዋል እንላለን። ቀጥሎ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ነው፤ ዲ.ዲ.አር. 3 በዲ.ዲ.አር. 4 ቦታ አይገባምና አሮጌውን ይዞ ገበያ መሄድ ይገባል።

ስለ ፕሮግራሙም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙውን አሮጌ ኮምፒውተር አይቀበልም። ለእንዲህ ያለው ያለ ዋጋ የሚገኘው ሊኑክስ ሚንት ይስማማዋል፤ አማርኛም በዩኒኮድ ይጻፍበታል። መልኩን ለመልመድ ልጆች ከወላጆች ይልቅ ይፈጥናሉ። ባለ 32 ቢቱን እጅግ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ሚንት አሁን አይቀበለውም፤ ለእርሱ ብር ከማፍሰስ ለአሮጌ ጽሑፍ መክፈቻ እንዳለ ማቈየት ይሻላል።

መብራት በሄደ ጊዜ ሶኬቱን መንቀል አይረሳ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል የታደሰውንም ይጐዳል። የላፕቶፕ ባትሪ አብጦ ከተገኘ በቢላዋ አይነካ፤ ሊቀጣጠል ይችላልና። የተነቀለውም ሐርድ ዲስክ በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነና የተነቀለበት ቀን በወረቀት ተጽፎበት፣ ከእሳትና ከርጥበት ርቆ፣ የቤቱ ካርታና የልደት ወረቀት በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።