ከመወለድ በፊት የሚጀምር ሕመም

አንዲት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ የወለደች እንደ ሆነ፥ ጎረቤት ሁሉ ምክንያቱን የሚፈልገው በተሸከመችው እንስራ ወይም በድንገተኛ ድንጋጤ ነው። እርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለ ቀኑ ተወለደ ይባላል፤ ምክንያቱም ብዙ ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ይልቁንም እጅግ ቀድመው በሚወለዱት ዘንድ የሚበዛው፥ በእናቲቱ አካል ተሰውሮ የሚቆይ የጀርም ሕመም መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት እንወዳለን።

ጀርሞቹ አብዛኛውን ጊዜ የማኅፀንን አፍ አልፈው ወደ ላይ በመውጣት፥ ፅንሱንና የሽርት ውሃውን ከያዘው ስስ ሽፋን ይደርሳሉ። የእናቲቱ ሰውነት እነርሱን ለመከላከል ሲነሣ ቦታው ይቆጣል፤ ከዚህ ብግነት የሚመነጩት ንጥረ ነገሮችም ሽፋኑን ያሳሱታል፥ ማኅፀኑንም ለምጥ ያነሣሡታል። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። ብግነቱ ወደ ፅንሱ የደረሰ እንደ ሆነ፥ ገና ያልጠናው ሳንባው ተጎድቶ ከተወለደ በኋላ ለብዙ ጊዜ የኦክስጅን ርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል፤ አንጎሉ የተነካ እንደ ሆነም ሲያድግ እጅና እግሩን እንደ ልቡ ማዘዝ ሊሳነው ይችላል። እንግዲህ በሰባት ወሩ የተወለደው ሕፃን የሚደክመው ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ታሞ የተወለደም ሊሆን ይችላል።

የሽንት ቧንቧ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ስሜት ይቆይና፥ ወደ ኩላሊት ሲወጣ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳትና የጎን ውጋት ያመጣል። በዚህን ጊዜ በአገራችን ብዙ ሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሻል። ዳማከሴን አንነቅፍም፥ ሽታውም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ኩላሊት የገባውን ጀርም አያስወጣም። ጥቂት ሽንት በጤና ጣቢያ ቢመረመር ሕመሙ ገና ሳይሰማ ይገኛል።

በራስ ፈቃድ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም አይገባም። ኦራክል የተባለው የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች የመሩት ሰፊ ጥናት ውጤት በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሽርት ውሃቸው ያለ ጊዜው ለፈሰሰ እናቶች የተሰጠው ኤሪትሮማይሲን ሕፃናቱን ጠቅሟል፤ ሽፋኑ ሳይቀደድና የጀርም ሕመም ምልክት ሳይታይባቸው ምጥ ለጀመራቸው ግን መድኃኒቱ አልጠቀመም። እንዲያውም የእነዚህ የኋለኞቹ ልጆች 7 ዓመት ሲሞላቸው ሲመረመሩ፥ የእጅና የእግር አለመታዘዝ በዝቶ መታየቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

የሽርት ውሃ ጥቂት በጥቂት ሲንጠባጠብ ብዙ እናቶች ሽንት ነው ብለው ይተዉታል። ይህን ያየች፥ ወይም ትኩሳት የተሰማት ነፍሰ ጡር፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ፥ ቀኑ ገና ከሆነና የጀርም ሕመም ምልክት ካልታየባት፥ የፅንሱን ሳንባ የሚያጠና መርፌ ሊያዝላት ይችላል፤ የዚህንም ጥቅም ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች በ1972 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል። መርፌው ሥራውን ለመፈጸም ብዙ ሰዓት ያስፈልገዋልና፥ ምጡ እስኪጠነክር በቤት መቆየት አይገባትም።