ዲሹ ለምን ዞረ? የኤሌክትሮኒክስና የሽቦ አልባ ምህንድስና መሠረቶች ከብቸናና ከሞጣ ሲታዩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃሞቹ በብቸናና በሞጣ ጣሪያዎች ላይ ዲሾች ፊታቸውን አዞሩ። ቀድሞ ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያዩ ነበር፤ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ቀና ብለው። የአገር ውስጥ ቻናሎች ኢትዮሳት ወደሚባለው ሥርጭት ሲዛወሩ ግን ዲሽ ሠሪው ቁልፉን ይዞ ጣሪያ ወጣ። ሳህኑን ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብሎ አዞረው፤ ወደ 65 ዲግሪም ቀና አደረገው። ሁለቱም ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ብቸና ያለችው በ38 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ስለሆነ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለው የኢትዮሳቱ ይቀርባታል፤ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለው ናይልሳት ይርቃታል። ዲሽ ሠሪው ይህን በወረቀት አያሰላም። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጠጠ ልጅ «ጨመረ! ቀነሰ! በቃ፣ እዚያው ተው!» ይለዋል። ለካ ምህንድስናው ከዚህ ሌላ አይደለም፤ መለካት፣ ማስተካከል፣ እንደገና መለካት።

ሞገድን ለመረዳት መነሻው ርዝመቱ ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ማካፈል ይበቃል። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ስልክ 33 ሴንቲ ሜትር፤ ዲሹ የሚቀበለው ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር የዝናብ ጠብታ ይበረታበታል። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ቴሌቪዥኑ እየተቆራረጠ ስልኩ ግን የሚሠራው ለዚህ ነው (መብራት ካልሄደ፣ ማለቴ ነው)። የድሮው አጭር ሞገድ ስሙ አጭር ቢሆንም በአሥር ሜትሮች የሚለካ ነበር። ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር ላይ እየነጠረ ስለሚመለስ፣ የጀርመን ድምፅ አማርኛ ዝግጅት በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ገጠር ድረስ ይሰማ ነበር።

የስልክ ሞገድ እንዲያ አይነጥርም። 40 ሜትር ቁመት ያለው ታወር በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ቢቆም እስከ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። ምሥራቅ ጎጃም ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን 4,100 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ጮቄ አለ፤ በሌላው ወገን የአባይ ሸለቆ። ከተማው ላይ ሙሉ የነበረው ኔትወርክ ወደ በረሃው ቁልቁል ሲወረድ ድንገት ይጠፋል፤ ታወሩ ደክሞ ሳይሆን ገደሉ ጋርዶት ነው። ርቀቱም የራሱን ይወስዳል፤ ገላጣ ላይ እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ሩብ ይሆናል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የሞባይል ጥገና ጠረጴዛን ነው። «አልበራ አለ» የተባለ ስልክ ሲመጣ ጥሩ የጥገና ሠራተኛ ወዲያው ካውያ አያነሳም። በቅድሚያ ባትሪውን በቴስተር ይለካል፤ 3.7 ቮልት አካባቢ ካለ ባትሪው ከደሙ ንጹሕ ነው። ከዚያ ቦርዱን ከፖወር ሰፕላይ ጋር ያገናኛል። ማብሪያው ሳይነካ መርፌው ከተነሳ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ግን የት? በመቶ ከሚቆጠሩ የጤፍ ቅንጣት ከሚያህሉ ካፓሲተሮች መካከል አንዱ ነው። ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ይለቅበትና ቦርዱ ላይ አልኮል ጠብ ያደርጋል። ቀድሞ የደረቀው ቦታ የሚግለው ነው፤ ጥፋተኛው እዚያ ተቀምጧል። በሙቀት ካሜራ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ጠብታ አልኮል ሠራው ማለት ነው። ኮሌጅ ገብቶ የኦም ሕግን የሸመደደ ተማሪ ይህን ጠረጴዛ አንድ ክረምት ቢያየው እላለሁ፤ ሠራተኛውም የተማሪውን ደብተር ቢያይ አይከፋም።

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጣችውን ሶፊያን ነው፤ ሶፍትዌሯ ላይ አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት እጁ አለበት። የሮቦት አንጓ የሚሠራበት መርህ ግን ፍሪጅ አጠገብ የተቀመጠው ባለ ሞተር ስታብላይዘር ውስጥም አለ። የሚወጣውን ቮልቴጅ ይለካል፣ ከ220 ጋር ያነጻጽራል፣ ልዩነቱን ለማጥፋት ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩ ቸኩሎ 220ን ካለፈ ይመለሳል፤ ከመጠን በላይ ከተመለሰ እንደገና ይሄዳል። የሮቦት መሐንዲስ እንቅልፍ የሚያጣው ይህን መወዛወዝ ለማስቆም ነው።

ምስልም ከመለካት አይወጣም። አልትራሳውንድ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚሄድ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ 130 ማይክሮ ሴኮንድ ይበቃዋል። ሆድ ላይ የሚቀባው ጄል አየሩን ለማስወጣት ነው፤ አየር ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። ድግግሞሹ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፣ ጥልቀቱ ግን ይቀንሳል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 የምታነሳው ምስልም በነጥብ የሚለካ ነበር፤ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 13.7 ሜትር ገደማ በ13.7 ሜትር ይሸፍን ነበር። ሩብ ሄክታር የሆነ አንድ ጥማድ የብቸና ጤፍ ማሳ እንግዲህ 13 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዳር ላይ የሚያርፉ ናቸው፤ ግማሻቸው የባለቤቱ ጤፍ፣ ግማሻቸው የጎረቤት ስንዴ።