ጉሬዛና ጦጣ አንድ አይደሉም



በወልቂጤ አካባቢ፣ በቆሎው እሸት በያዘበት ወቅት፣ ከአንድ አባት ጋር ማሳቸው ዳር ቆመን ነበር። ብዙ እሸት ተመንጭቆ መሬት ላይ ወድቋል። ከማሳው በላይ ባለው ትልቅ ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ተቀምጠዋል። አባት ወንጭፋቸውን አነሱና «ልጄ፣ ሌባው ያውና!» አሉ።

በእርግጥ ሌባው ጉሬዛ ነው? መልሱን ለማግኘት ጉሬዛንና ጦጣን ለይተን እንወቅ።

መልካቸው፦ ጉሬዛ ጥቁር ነው። በጎንና ጎኑ ረጅም ነጭ ጸጉር እንደ ነጠላ ተንዠርግጎ ይታያል። የጅራቱም ጫፍ ነጭ ነው። ልጁ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነው፤ የእናቱን መልክ የሚይዘው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ጦጣ ግን ወደ ግራጫ ያደላል፤ በሰውነቱም ከጉሬዛ ያንሳል።

እጃቸው፦ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ በቦታው ትንሽ ጉጥ ብቻ አለ። አራቱን ጣቶቹን እንደ መንጠቆ አድርጎ ቅርንጫፍ ይይዛል። ጦጣ ግን አውራ ጣት ስላለው እሸት መፈልፈል አያቅተውም።

ጉንጫቸው፦ ጦጣ ጉንጩ ውስጥ ከረጢት አለው። ማሳ ይገባል፣ ፍሬውን ጉንጩ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ ሮጦ ዛፍ ላይ ይወጣና ተረጋግቶ ያኝካል። ጉሬዛ ይህ ከረጢት የለውም።

ሆዳቸው፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ጉሬዛ ፍሬ ቢቀምስም ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። ጨጓራው እንደ ላም ጨጓራ የተከፋፈለ ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚብላላ ሁሉ፣ ቅጠሉም በጉሬዛ ሆድ ውስጥ ይብላላል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ቅጠል ደግሞ ብዙ ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ ጉሬዛ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጦ ያሳልፋል። ሰንፎ አይደለም፤ እሸት እየጠበቀም አይደለም። ምግቡን እየፈጨ ነው።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፍ የመጣባት አውስትራሊያ ኮአላ የሚባል እንስሳ አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ይበላል፤ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። በደቡብ አሜሪካ ደግሞ ስሎዝ የሚባል እንስሳ ዛፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። ኮአላ ልጇን በሆዷ ኪስ ታሳድጋለች፤ ስሎዝ ኪስ የላትም። የሚያመሳስላቸው ቅጠል መብላታቸው ነው።

ጉሬዛ የሚወልደው አንድ አንድ ነው። ስለዚህ ሲገደል ቶሎ አይተካም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቆዳው ለልብስ ጌጥ ወደ አውሮፓ ይጫን ስለነበር ብዙ ታድኗል። በ1835 እ.ኤ.አ. ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በሳይንስ ስም ሲያወጣለት የወሰደው «ጉሬዛ» የሚለውን የእኛኑ ስም ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። ያን ዕለት ዝም ብለን ጠበቅን። ብዙም ሳይቆይ የጦጣ መንጋ ከወንዙ ዳር መጥቶ ማሳው ውስጥ ገባ። ሲወጡ ጉንጫቸው ተወጥሮ ነበር። አባት ሳቁና «ለካስ ጎረቤቴን ነው በሌባ የጠረጠርኩት!» አሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጉሬዛን መውገር እሸቱን አያድንም። የሚያድነው ጥበቃ ነው። ማሳቸው የተዋሰነ ጎረቤቶች ማማ ሠርተው በተራ ይጠብቁ። አንድ ልጅ ከትምህርቱ ቀርቶ ብቻውን ማማ ላይ እንዳይውል ተራው ለአዋቂዎች ይደልደል። በጫካውና በማሳው መካከል ያለው ቁጥቋጦ ይመንጠር፤ ጦጣ መደበቂያ ያጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ግን አይቆረጡ፤ የጉሬዛ ቤትም ጓዳም እነሱ ናቸው።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
1. ጦጣ እሸት የሚሸከመው በምንድን ነው?
2. ጉሬዛ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ማሳ ጉዳት የሚያደርሰው የትኛው እንስሳ ነው? በምን አወቃችሁ?