ቀይ አፈርና ባዶ እግር፦ ዝሆኔ አንዱን ይዞ ጎረቤቱን ለምን ይተዋል?

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎችም ሆነ በወላይታ ቀያይ ኮረብቶች አንድ ዓይነት አፈር የሚያርሱ፣ ሁለቱም በባዶ እግራቸው ያደጉ ጎረቤታሞች አሉ። የአንደኛው እግር ገና በጉርምስናው ማበጥ ይጀምራል፤ ሌላው እስከ እርጅናው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሕዝቡ ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ በሽታ እንዲህ መርጦ መያዙ ለረጅም ዘመን የእርግማን ወይም የድግምት ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል።

በሽታው ከትልም ሆነ ከትንኝ የሚመጣ አይደለም። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር መሆኑን አሳይቷል። ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ገብተው ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹም በጊዜ ሂደት ይዘጋሉ። በቆላማ አካባቢዎች ትንኝ የምታስተላልፈው የእግር ማበጥ ሌላ በሽታ ነው፤ ስሙ ግን በሕዝቡ ዘንድ አንድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይምታታል።

አፈሩ የሁሉም ከሆነ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከፈለጉት መካከል በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ በ2007 የወጣ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ፣ ለበሽታው ከሚኖረው ተጋላጭነት ልዩነትም 63 በመቶው በዘር ውርስ እንደሚገለጽ አመለከተ። በ2012 ደግሞ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን በማነጻጸር ልዩነቱ ያለበትን ቦታ አገኙ። ቦታው 6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ሳይንቲስቶች ኤም ኤች ሲ በሚሉት የዘረ-መል ስብስብ ውስጥ ነው።

ይህ ስብስብ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የእህል ገበያን ማሰብ ይበቃል። ገዢ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ ሻጩ በመዳፉ የሚያሳየውን እፍኝ አይቶ ይፈርዳል። በሰውነታችንም እያንዳንዱ ሴል በውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በገጹ ላይ ያሳያል። ቁራጩን ይዞ የሚያሳየው መዳፍ በኤም ኤች ሲ ዘረ-መሎች የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ገዢዎቹ ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ቁራጩ የራስ ከሆነ ያልፉታል፤ ከቫይረስ የመጣ ከሆነ ሴሉን ከነቫይረሱ ይገድሉታል።

ይህን ምስጢር በ1970ዎቹ በአይጦች ላይ ከደረሱበት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ አውስትራሊያዊው ፒተር ዶኸርቲ፣ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ የግብርና ባለሙያን የሚያኮራ ነገር ነው። ከስዊዘርላንዳዊው ሮልፍ ዚንከርናገል ጋር በ1996 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

መዳፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአብዛኞቹ ሴሎች ላይ ሆኖ የሴሉን የውስጥ ገመና ያሳያል። ሁለተኛውን የያዙት በዋነኛነት ከውጭ የገባውን ባዕድ ነገር የሚውጡ የጥበቃ ሴሎች ናቸው፤ የዋጡትን ቆራርጠው ለረዳት ቲ-ሴሎች ያቀርባሉ፣ እነዚያም ሌላውን ሠራዊት ይጠራሉ። ከዝሆኔ ጋር የተያያዘው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እግሩን የሚያሳብጠው አፈሩ ብቻ ሳይሆን የአንዳንድ ሰዎች የመከላከል ሥርዓት ለአፈሩ ቅንጣት የሚሰጠው የተጋነነ ቁጣ ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናትም ይኸው ግንኙነት በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ውስጥ መኖሩን አረጋግጧል።

የመዳፉ ቅርጽ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ግማሹን ከአባት ግማሹን ከእናት እንወርሳለን፤ የአንድ አባትና እናት ልጆች እንኳ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰሉበት ዕድል ከአራት አንድ ነው። በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከቤተሰብ በሚገኝ ለጋሽ ላይ የተመሠረተው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁንና ልዩነቱ በራሱ ጥቅም አለው፤ አንዱ መዳፍ ያልያዘውን የበሽታ ቁራጭ የሌላው ይይዘዋል፣ ወረርሽኝም ሁሉን ሰው በአንድ ጊዜ አይጨርስም። በዶሮዎች ዘንድ የዚህ ስብስብ አንዱ ዓይነት ማሬክ የተባለውን ገዳይ በሽታ እንደሚቋቋም ከታወቀ ቆይቷል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባው ማኅበረሰባችንም፣ ምክንያቱን በዚህ ቋንቋ ባይገልጸውም፣ የመዳፎቹን ዓይነት አብዝቷል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። «ከዘር ነው» የሚለው ቃል በሽማግሌዎች ፊት ሲደርስ ጋብቻ ያፈርሳል፤ የታማሚ ቤተሰብ ሴት ልጅ ሳትታጭ ትቀራለች፣ ታማሚውም ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻል። ጥናቱ ግን የሚለው ይህን አይደለም። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ቅንጣቱ ወደ ቆዳው መግቢያ ያጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት መሠረት ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ፣ 345 ወረዳዎችም ለበሽታው ተጋላጭ እንደሆኑ ተገምቷል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና በ2018 የታተመ ሙከራ እግርን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚነሳውን ድንገተኛ ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ገበሬው በክረምት ጭቃ ውስጥ ጫማ አድርጎ ማረስ ከባድ እንደሆነ ይናገራል፤ እውነቱን ነው፤ የምክር ሥራው ይህን ችላ ብሎ ማለፍ የለበትም። ቢያንስ ከእርሻ መልስ ወዲያው መታጠብና ከእርሻ ውጭ ባለው ጊዜ ሁሉ የተዘጋ ጫማ ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የእግር መዳፍ ማሳከክና ማቃጠል፣ እንዲሁም ማታ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ናቸው። በዚህ ደረጃ ጤና ኬላ የደረሰ ሰው እብጠቱ ሊመለስለት ይችላል።