ፊትን ከገበያ ማውጣት

ፓፓራዚ ታዋቂ ድምፃዊን ከቤቷ ደጃፍ ጀምሮ የሚከታተላት ፎቶዋን የሚገዛ ስላለ ነው። ገዢው የወሬ ጋዜጣ ወይም ድረ ገጽ ነው፤ ደህና ገንዘብ የሚከፍለውም ፎቶው ሌላ ቦታ እስካልተገኘ ድረስ ብቻ ነው። ገመናቸውን መጠበቅ የቻሉ ዘፋኞች ያደረጉት ነገር ሲታይ፣ አብዛኛው ይህን ዋጋ መጣል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውስትራሊያዊቷ ሲያ በ2013 የ«ቢልቦርድ» መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው የወረቀት ከረጢት ጭንቅላቷ ላይ አጥልቃ ነበር። በዓመቱ «ቻንደሊየር» የተሰኘው ዘፈኗ ሲለቀቅ በቪዲዮው የምትደንሰው እሷ ሳትሆን፣ ቢጫ ዊግ ያደረገችው የ11 ዓመቷ ማዲ ዚግለር ነበረች። ሲያ ራሷ ቴሌቪዥን ላይ ጀርባዋን ለታዳሚው ሰጥታ ዘፈነች፤ በኋላም ዓይኗን የሚሸፍን ዊግ መለያዋ ሆነ። እናም ሕዝቡ የሚያውቀው ዊጉን ነው። እሱን አውልቃ አስቤዛ ልትገዛ ብትወጣ ዞሮ የሚያያት ጥቂት ነው፤ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

ጃፓናዊቷ አዶ ከመነሻውም ፊቷን አላሳየችም። በ2020 «ኡሴዋ» በተሰኘው ዘፈኗ ስትታወቅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። መድረክ ላይ የምትዘፍነው ሣጥን በመሰለ ክፍል ውስጥ ሆና ሲሆን፣ መብራቱ ከኋላዋ ስለሚበራ ተመልካቹ የሚያየው ጥላዋን ብቻ ነው። እንዲህም ሆና በ2024 በቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ዘፍናለች። መልክ ካልታየ አድናቂ አይገኝም ለሚሉ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ፊታቸው አስቀድሞ የታወቀባቸው ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ቀድሞ በነፃ መስጠት። ቢዮንሴና ጄይ-ዚ በ2012 ልጃቸው ብሉ አይቪ ስትወለድ የመጀመሪያ ፎቶዎቿን ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ አወጡ። ሲያም በ2017 አንድ ሰው ራቁቷን የተነሳችውን ፎቶ ለአድናቂዎቿ ሊሸጥ መሆኑን ስትሰማ፣ ራሷ ትዊተር ላይ ለቀቀችው። ሻጩ ባዶ እጁን ቀረ። ቢሆንም ሰው ገመናውን ከነጋዴ ለማዳን ሲል ገመናውን አደባባይ ለማውጣት መገደዱ ያሳዝነኛል፤ ለማንም የምመክረው አይደለም።

ልጆች ደግሞ ዝናን መርጠው አልገቡበትም። ለእነሱ ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕጉም ቢሆን የሚሠራው ፎቶው አክሳሪ ሲሆን ነው። በ2014 የአዴል ሕፃን ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሲወጣና ከእኩዮቹ ጋር ሊጫወት ሲሄድ የተነሱ ፎቶዎች ለንደን ፍርድ ቤት ደርሰው፣ የፎቶ ድርጅቱ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ካሊፎርኒያም በ2013 ባወጣችው ሕግ፣ በወላጁ ሥራ ምክንያት ልጅን የሚያዋክብ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል።

የስልክ ካሜራ ግን ዋጋ አይጠይቅም፤ አድናቂው የሚቀርጸው ለጓደኞቹ ሊያሳይ ነው። ስለዚህ አዶ ኮንሰርቷ ላይ መቅረጽ ከልክላለች። ቤት ውስጥ ያለው ወሬ ደግሞ የሚወጣው በሹፌሩ፣ በሞግዚቷ፣ በፀጉር ሠሪዋ በኩል ስለሆነ፣ ብዙ ዘፋኞች ሠራተኛ ሲቀጥሩ የምስጢር ጥበቃ ውል ያስፈርማሉ። እኔ ግን ከውል ይልቅ በዙሪያ ያለውን ሰው ቁጥር መቀነስ ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ። ጣሊያናዊቷ ሚና በ1978 ከመድረክ ከወረደች ወዲህ ሉጋኖ፣ ስዊዘርላንድ እየኖረች ለአሥርተ ዓመታት አልበም ስታወጣ ኖራለች፤ ፕሮዲውሰሯም የገዛ ልጇ ማሲሚሊያኖ ፓኒ ነው።